ለለቅሶ ያልፈቀድሻቸው ሁለት እጆች

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ሰባተኛው ወር ገባ። ስልክሽን አልዘጋሁትም፤ የእድሩ ቴሌግራም ዛሬም ይጮኻል። ጀሞ ያው ነው፣ የታክሲው ግፊያም ያው። ቤታችን ግን ጸጥ ብሏል። ሶፋው ላይ ያንቺ ቦታ ማንም አይቀመጥበትም፤ እንግዳ ዘው ብሎ ሲቀመጥበት እኔና ወንድሜ ዮናስ እንተያያለን።

ቴሌግራም ያስተማርኩሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የተገጠሙትን ሁለት እጆች፣ ያንን ኢሞጂ፣ ሳሳይሽ ፊትሽን አጨማደድሽ። እኛ እግዜርን እጃችንን ዘርግተን እንጂ እንዲህ አጣብቀን መቼ ለምነን እናውቃለን አልሽኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሱስ ሆኑብሽ። ውኃ መጣ ሲባል እነሱ፣ ጎረቤት ስትወልድ እነሱ። የእድሩ ዳኛ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል ብለው ሲያስጠነቅቁ እንኳ እነሱን ላክሽላቸው። ያሾፍሽባቸው መስሏቸው ሲደውሉ፣ ኧረ እጅ መንሳቴ ነው ብለሽ አሳቅሻቸው።

ሰው ሲሞት ግን አንዴም አልላክሻቸውም። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ትወጫለሽ። ለቅሶ የሚደረሰው በእግር እንጂ በጣት አይደለም ትይ ነበር።

ያንቺ ቀን ግሩፑ በእነዚያ እጆች ተጥለቀለቀ። ደግነቱ ሰዎቹም መጡ፣ ድንኳኑ ሞላ። እህትሽ ጽጌ ብቻ ቀረች። በእናታችሁ ቤት ሽያጭ ከተኳረፋችሁ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም፤ ሞትሽ ያመጣታል ብዬ ነበር። እዚሁ ነፋስ ስልክ ሆና የላከችልኝ ሁለቱን እጆች ብቻ ነው፣ አንድ ቃል የለበትም። ዮናስ፣ እሷም እኮ እህቷን ነው ያጣችው ቢለኝ ጮኽኩበት። መልስም አልሰጠኋት።

የዮናስ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ለቅሶ በእግር ነው ስትይ ወደ ሐዘንተኛ መሄድን ማለትሽ ነበር። እሷስ ሐዘንተኛ አይደለችም? ባለፈው እሁድ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

በሯን የከፈተችልኝ ጥቁር ለብሳ ነው። ሁለታችንም ተላቀስን። ድንኳኑ ድረስ መጥታ የምናባርራት መስሏት መመለሷን ነገረችኝ። መልእክቱንም ስትጽፍ ስታጠፋ ውላ፣ በመጨረሻ የቀሩላት እጆቹ ናቸው። ከዚያ ቤቷ ገብታ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። ጎረቤቱ ሁሉ ደርሷታል፤ ያልደረስናት እኛ ብቻ ነን።

ሲመሻሽ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። ልጆች ሳላችሁ በአንዲት ጃንጥላ ተጣልታችሁ፣ ጃንጥላዋን መሬት ጥላችሁ ሁለታችሁም በዝናብ መበስበሳችሁን እያወራችልኝ ሳቀች። እማዬ፣ ሳቋ ያንቺው ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ለሙት ዓመትሽ ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። አልረሳሽም፣ የኔ እናት። ናፍቆትሽ ሲብስብኝ ነፋስ ስልክ ሄጄ አስቃታለሁ።

ልጅሽ