የልብስ ገመድሽ ማንም ሳይነካው ተወጠረ

ይህን የምትጽፈው ልጃችን ዘይነባ ናት። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ የኔ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ላሳምረው ብላኝ ነበር፤ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ ብያታለሁ።

ፋጡማዬ፣ አላህ ያረፍሽበትን ያብራልሽ። ከተለየሽን ሁለት ረመዳን አለፈ። ሦስተኛው ሲደርስ ቤታችን ቆሞ የሚጠብቀው አይመስለኝም።

ወንዙ ደቻቱ ዞሮብናል። አንቺ እያለሽ ውሃው የማዶውን፣ የከዚራን ዳር ታኮ ነበር የሚወርደው፣ እኛን ዞር ብሎም አያየን። አምና ግን መሃሉ ላይ የተኛ ግመል የሚያህል የአሸዋ ክምር ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ክምሩን እየሸሸ ወደ መጋላ፣ ወደኛ ሰፈር ይመጣል። ዳሩን ከሥር ከሥሩ ይልሰዋል። ላዩን ብታዪው ደህና ነው፤ ሥሩ ባዶ ነው። ነፋስ በሌለበት በደረቅ ቀን እንኳ አፈሩ ሸርተት ሲል ይሰማኛል። ልብስ የምታጥቢበትን ትልቁን ድንጋይ አሸዋ ውጦታል።

የተከልሽው ቁርቁራ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከበራችን መቃን እስከሱ ያሰርሽው የልብስ ገመድ እየረገበ፣ የሽርጤ ጫፍ መሬት እየነካ፣ ስንት ጊዜ ጨቅጭቀሽኛል። አሁን ማንም ሳይነካው ተወጥሯል። ዛፉ ከነመሬቱ እየሄደ ነው፤ በሩንም ይዞት ሊሄድ ነው። መቃኑ ተጣሞ በሩ አልዘጋ ብሏል። ዘይነባ ገመዱን ቁረጠው ትለኛለች። ቋጠሮው የእናትሽ ነው፣ አልቆርጥም አልኳት። ግትር ሽማግሌ አለችኝ። እሱንም ጻፊው ብያታለሁ።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከዚራ ያቆምኩት ግንብ አንዱም አልተሰነጠቀም፤ ያላመነ ሄዶ ይይ። ይህንንም ቤት በደህና እጅ ነው የሠራሁት። ግን ድንጋዩን ከየት አመጣነው? ከዚሁ ከደቻቱ፣ አንቺ በጀርባሽ፣ እኔ በትከሻዬ። ጎርፍ ከተራራ እያንከባለለ፣ ጠርዙን እየላገ ያወረደው ነው። ለኛ ያመጣልን መስሎን ነበር። ድንጋዩ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ዛሬ እዚህ ጠብ አላለም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። አንቺ ብትሆኚ ይህን አይተሽ፣ ያጠብሽውን ሳትጨምቂ ሰብስበሽ ከአሸዋው ትወጪ ነበር። የጎረቤት ፍየሎችም ወጥተዋል። ዕቃችንን የጫነው ጋሪ ደጅ ቆሟል፤ ባለጋሪው ይጣራል፣ ይሳደባልም። ይህ ሳይጻፍ ከበርጩማዬ አልነሳም ብያለሁ።

አንዴ ብቻ ተነስቼ ተመለስኩ፤ ገመዱን ቆረጥኩት ፋጡማ፣ በዛፉ በኩል። ቁርቁራው ወዲያው ወደ ወንዙ ጎንበስ አለ። ያንቺን ቋጠሮ አልነካሁትም። መቃኑን ራሴ ያቆምኩትን ራሴ ነቅዬ፣ ከነቋጠሮው ጋሪው ላይ ጫንኩት። የትም ብንገባ በር ላይ የማቆመው እሱን ነው።

አሸዋው ሁሉን ካለበሰው በኋላ የሚመጣ ሰው ይህ ድሮም ወንዝ ነበር ይላል። አልነበረም። እዚህ በር ነበረ፤ አንቺ እጅሽን እያደራረቅሽ ትወጪበት ነበር። በድልድዩ ለሚያልፈው ሁሉ እስክሞት እናገራለሁ፣ ቢሰለቸውም።

በይ ዘይነባ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ከዚያ እነሳለሁ። ጮክ በይ እንጂ፤ ከተራራው በኩል የሚመጣው ድምፅ አላሰማኝ አለ።