ለጉልበቴ የታሰበልኝ ሲሚንቶ

ልጄ ሜቲ፣

ጌታ የአገሩን ብርድም ሰዉንም ያለዝብልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የናዝሬት አቧራም እንደምታውቂው ነው። የጎረቤታችን የዘርፉ ልጅ አገባች። ጭፈራ የለም ስለተባለ ግማሹ ሰው እንደበላ ወደ ቤቱ ገባ።

ባለፈው ሳምንት መልካሳ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ወንድምሽ ገመቹ የአትክልት ቦታዬን ሲሚንቶ አልብሶ ጠበቀኝ። ቆስጣው፣ ቃሪያው፣ ውሃ በጠፋበት በጋ በዕቃ ዕጣቢ ያቆየሁት ፓፓያ ሁሉም የለም። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ «እማዬ፣ ለጉልበትሽ አስበን ነው፤ ሜቲም ተስማምታለች» አለኝ። እኔን ጉልበቴን የሚያመኝ ስቀመጥ እንጂ ስኮተኩት አልነበረም።

ዘርፉ ለክረምት የምትተክለውን የቃሪያ ችግኝ እንደ ወትሮዋ ልትወስድ መጣች። ሲሚንቶውን አይታ፣ «ታድለሽ፣ ልጅ እንዲህ ነው» አለችኝ። እኔም አዎ አልኩ፤ ልጆቼን በሰው ፊት ላማ ነው? ባዶ እጇን ሸኘኋት።

አሁን የቀረችኝ ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ሁለት እርምጃ መሬት ናት። ጎመን ዘርቼባታለሁ። ገመቹ ግን ሰኔ ሳይገባ እሷንም ሊጨርሳት አሸዋ አስገልብጧል። እኔ ስናገር እርጅና ነው ይላል፤ አንቺን ግን ይሰማሻል። እባክሽ እሁድ ስትደውዪለት፣ እሷን እንኳ ተውላት በዪው። እኔ እንደለመንኩሽ አትንገሪው።

ጌታ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ከማድረጉ በፊት «እማዬ፣ ምን ይሻልሻል?» የሚልሽ ልጅ ይስጥሽ።

እናትሽ ጉዲቱ