ዘፈን ላይ የማያወሩ ልጆች አንዲት አድማጬን ስለወሰዱብኝ

ለተከበሩ ወይዘሮ ሣህሊቱ፣
የ«ድምፀ ፌርፋክስ» የማኅበረሰብ ሬዲዮ የፕሮግራም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሎስ አንጀለስ

ክብርት ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ ጉልበትዎ፣ ኦሊምፒክ ጎዳና ማዕዘን ላይ ባቆሙት ቁጥር የሚጫርብዎ መኪናዎም ጭምር ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአንጀቴ ማረር በስተቀር ደኅና ነኝ። ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ ዘወትር እለምናለሁ፤ የወሰናቸው ውሳኔዎች ያፈሩትን ፍሬ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ዕድሜ ይስጠው።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ወንድይራድ ነኝ፤ ይህ ጣቢያ ከፌርፋክሱ የሐበሻ ገበያ ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማይክ ብቻ ከነበረው ጊዜ ጀምሮ «የእሁድ ሰላምታ»ን የማዘጋጅ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከኤርፖርት ወደ ዌስትቼስተር ሆቴሎች መንገደኛ የማመላልስ የሻትል ሹፌር። ኮሚቴዎ በሰፊ ጥበቡ የእሁድ ከሰዓት ሰዓቴን ለሁለት ወጣቶች ሰጥቶ እኔን ወደ ንጋት አዛውሮኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ተሹሜም የበላሁት ነገር የለም፣ ቁጭቱ ግን አልቀረልኝም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አዲሶቹ አዘጋጆች አመሰግናለሁ። ገሊላን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፤ እናቷ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ እሷ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትጽፍ ነበር። ባልደረባዋን ዳኒን ግን በድምፁ እንጂ በመልኩ አላውቀውም፤ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ተቀምጦ በኢንተርኔት እየገባ ከእሷ ጋር «ወዲህና ወዲያ» የተባለውን ፕሮግራም ያቀርባል። ሁለቱ በሁለት አገር ሆነው እናታቸው ብቻ የምታውቃቸውን ጀማሪ ዘፋኞች እየለቀሙ ያሰሙናል። አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሞ ዘፈኑን የቀዳ ነው፤ አንዷ ቶሮንቶ ምድር ቤት ውስጥ ሆና ክራሯን ከከበሮ ማሽን ጋር ያጋባች ናት። ብዙዎቹም ራሳቸውን «ክዊር» ብለው የሚጠሩ፣ ሴቷ ለሴት፣ ወንዱ ለወንድ ፍቅራቸውን ሳይደብቁ የሚያዜሙ ናቸው። ኮሚቴው ይህን ሲያጸድቅ ማኅበረሰቡ ይንጫጫል ብዬ በተስፋ ጠብቄ ነበር። ተንጫጫ፤ ሬዲዮውን ግን ማንም አልዘጋም። ፕሮግራሙን ሲያወግዙ የሚውሉት ሰዎች ዘፈኖቹን በቃላቸው እንደያዙ ስሰማ ቅናት ምን እንደሆነ ገባኝ። እኔን እኮ ማንም አውግዞኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታቸው አመሰግናለሁ። እርስዎም እንደሚያስታውሱት፣ በእኔ ፕሮግራም ዘፈን ብቻውን አይሄድም። ክራሩ ገና ሲጀምር እኔም እጀምራለሁ፤ ከማን ለማን እንደተመረጠ፣ የላኪውን ስም ከነማዕረጉ፣ የተቀባዩን ስም ከነቤተሰቡ፣ የሰርግ ሰሞን ከሆነ ከሚዜዎቹ ጋር አነባለሁ። ስሙ ሲያልቅ ዘፈኑም ያልቃል። ሰው ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል ብዬ ነው እንጂ ዘፋኙን ጠልቼ አይደለም። እነዚህ ልጆች ግን ዘፈኑን ለቀውት ዝም ይላሉ። የመጨረሻው ክር ንዝረቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም፤ እኔማ መጀመሪያ ስሰማቸው ሬዲዮዬ ሞቷል ብዬ ሴፑልቬዳ ጎዳና ላይ እየነዳሁ ዳሽቦርዱን በቡጢ መትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ስንፍና በገንዘብም አይገኝም፤ ሳያወሩ አዘጋጅ መባል መታደል ነው።

ሦስተኛ፣ ሰላምታዬን ስለመውሰዳቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ሰላምታ መላክን ከእኔ ወሰዱና የራሳቸውን ሕግ አወጡበት፦ ላኪው ራሱ ደውሎ በገዛ ድምፁ ይናገራል፣ የሚናገረውም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ስሙን መናገር የማይችል ስሙን አይናገርም። ከቶሮንቶ አንዱ «ለዚያ ሁልጊዜ መስኮት ዳር ለሚቀመጠው፣ ራሱን ያውቃል» ብሎ ይዘጋል። ከእኛ ሰፈር አንዷ «ሎሚ ብቻ ለመግዛት ለምትመጣዋ» ትላለች። እኔ ስም የሌለው ሰላምታ ሰላምታ አይደለም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እነሱ ዘንድ ግን የስልክ መስመሩ አይለቀቅም። እኔ ዘንድ የቀሩት ሰላምታ ላኪ አቶ መኩሪያ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ወደ ንጋት ከተዛወርኩ በኋላ «ጋሼ፣ ሶሪ፣ እሁድ ኦፍ ነኝ፣ እተኛለሁ» የሚል ቴክስት ልከውልኛል። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡት ሰውዬ ጋሼ ያሉኝ እንቅልፍ ይዟቸው መሆን አለበት።

አራተኛ። እዚህ ላይ፣ ክብርት ሆይ፣ ምስጋናዬ ትንሽ ይከብደኛል። ልጄ ሲና ዌስትቼስተር ውስጥ ከማመላልስባቸው ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። የአባቷን ፕሮግራም ትከታተል ነበር ብል እዋሻለሁ፤ «አባዬ፣ ስሙ ሲበዛ ዘፈኑ ይጠፋብኛል» እያለች አትሰማኝም ነበር። የማንን ልጅ ምርቃት፣ የማንን ልጅ ልደት በአየር ላይ ያላነበብኩት አለ? ሁሉም ልጆቻቸውን አስጠርተውኛል፤ የእኔዋ ጥራኝ ብላ አታውቅም። እንግዲህ አንድ እሁድ ተርሚናሉ ላይ መንገደኛ እየጫንኩ፣ የሰረቁኝን ሰዓት ለመታዘብ ብቻ ከፍቼው በነበረው ሬዲዮ፣ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «ይሄን ዘፈን ለምወዳት ለኤልሻዳይ፣ መኪና ውስጥ እየሰማ ከሆነ ደግሞ ለአባቴ» አለች። አንድ ዐረፍተ ነገር። ሕጉን አክብራለች።

ኤልሻዳይን አውቃታለሁ። የቤት ኪራይ የሚጋሩ ጓደኛሞች ናቸው ተብዬ፣ ቤት ሲቀይሩ ሶፋቸውን ደረጃ ለደረጃ የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ምን እንደምጽፍ ፌርፋክስ የሚጠብቀው ይመስለኛል። በማግስቱ ምግብ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ሳህኑን አተኩሮ ማየት ጀመረ፤ አንዱ ደፋር «ሰማህ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ «የሬዲዮ ሰው ሬዲዮ አይሰማም ብለህ ነው?» ብዬው አለፍኩ። ልጄ ስላለችው ነገር ለኮሚቴው አቤት እንድል የመከሩኝም አሉ። አሳዝናቸዋለሁ። ቅሬታዬ በነገረችው አይደለም፤ በነገረቻቸው ሰዎች ነው። ቶሮንቶ ያለ፣ መልኩን ለማላውቀው ልጅ ከእኔ በፊት ነገረችው! ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን አበባን ብጠይቃት ደግሞ እሷም ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ ፕሮግራሙንም በየሳምንቱ ወጥ ቤት ሆና ትሰማዋለች። የማንንም ስም የምጠራ እኔ፣ በቤቴ ያለውን ነገር የመጨረሻው ሰሚ ሆንኩ። ቀናሁ። በገሊላ ቀናሁ፣ በዳኒ ቀናሁ፣ በሚስቴ ቀናሁ፣ በዚያች ክራር በምትመታዋም ቀናሁ። ይህን በወግና በማዕረግ የሚገልጽ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

አምስተኛ፣ ስለ ሕጋቸው ጥብቅነት አመሰግናለሁ። በሬዲዮ የተባለ በሬዲዮ ይመለሳል ብዬ በተከታዩ እሁድ እንደ ማንም አድማጭ ተሰልፌ ደወልኩ። ገሊላ አነሳችው። «ጋሼ ወንድይራድ! ኦ ማይ ጋድ! ኦኬ፣ ሶ፣ ሩሉን ያውቁታል አይደል፣ አንድ ሴንተንስ ብቻ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ከዚያም እንደ ልማዴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ለምትገኙ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ለጣቢያው ኮሚቴና ለሰብሳቢዋ ለክብርት ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ ለገበያው ባለቤቶችና ለሠራተኞቻቸው፣ ለኤርፖርት ሹፌሮች ባልደረቦቼ፣ ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ አበባ፣ እንዲሁም… ስል ዘፈኑ ተለቀቀ። ወደ ልጄ ስም እየሄድኩ ነበር። ሁለት ስም ቢቀረኝ ነው። እነሱም እንደምታውቋቸው ዘፈን ላይ አያወሩም፣ አያስወሩምም፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እስከ መጨረሻው አደመጥኩት። ያችው የቶሮንቶዋ ልጅ ናት፣ ለወደደቻት ሴት የምታዜመው። ዘፈኑ ጥሩ ነው። ይህን መጻፍ ምን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ኮሚቴው ይረዳልኛል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሲና ስልኬን አታነሳም። ለእናቷ «አባዬ ደውሎ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ እኔን ዘለለኝ» ብላታለች። በየቀኑ መንገደኛ አድርሼ በሆቴሏ በር አልፋለሁ፤ በመስተዋቱ ትታየኛለች፣ እሷም ታየኛለች፣ ከዚያም ኮምፒውተሯን ታያለች። እኔ ሰው ስዘልል የታየሁበት ጊዜ የለም! አንድ ሰርግ ላይ ያልመጡትን እንኳ ጠርቻለሁ። ልጄን ግን ዘለለ ተባልኩ፤ ያስባለኝም ኮሚቴው ያጸደቀው ሕግ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሚከተሉት አንዱን እንዲፈጽምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ ወይ ሰዓቴን ይመልስልኝ፣ ወይም ንግግር ሲጀምር ጤና ጠይቆ ላደገ ትውልድ ዐረፍተ ነገሩን ያስረዝምልኝ፣ ወይም ልጆቹ አንድ ቀን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘፈን ላይ እንዲያወሩ ያስገድድልኝ። ከአሁን ቀደም በጉዳዩ ላይ ላስገባሁት ማመልከቻ «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» የሚል መልስ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ስብሰባ ይልቅ የኤርፖርቱ ግንባታ ቀድሞ እንደሚያልቅ ባውቅም ተስፋ አልቆርጥም።

የኮሚቴውን ጥበብ፣ ትዕግሥትና በተለይም እንቅልፍ በማድነቅ፣ የክብርነትዎን የበረታ ጤና፣ የቤተሰብዎን ፍቅርና የልጆችዎን ስልክ ማንሳት ከልብ በመመኘት፣ ጎህ ሳይቀድ ብቻውን የሚያወራው ታዛዥዎ፣

ወንድይራድ
የ«እሁድ ሰላምታ» አዘጋጅ፣ የ«ወዲህና ወዲያ» የግዴታ አድማጭ

ማስታወሻ፦ ገሊላን ጣቢያው ደረጃ ላይ አግኝቼ ይህ ደብዳቤ በፕሮግራማቸው ይነበብልኝ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ሩሉ ለደብዳቤም ነው» አለችኝ። እንግዲህ ከላይ ያለው ሁሉ ለኮሚቴው ይሁን፤ ጊዜ ያለው እሱ ነው። ለገሊላና ለዳኒ የምትከተለዋ ብቻ ትድረስልኝ፦

«ሲና ልጄ፣ ይህ ዘፈን ለአንቺና ለኤልሻዳይ ነውና ሁለታችሁም ለምሳ ኑ።»

ከዚያ ዘፈኑን ልቀቁት፤ እኔም ዝም እላለሁ።