መጀመሪያ ውሃው

ከማልዬ፣ ያለህበትን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ።

ከተለየኸን ስምንት ወር አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቆጥቼህ ነው። ሴት በሞተ ባሏ ላይ ትቆጣለች ወይ ትል ይሆናል። ትቆጣለች። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቂሜን ቶሎ አልጥልም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ሃያት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች፣ አፍ መመለሱንም ተያይዛዋለች። የግቢው በር ማጠፊያ ተቀይሮ አሁን አይጮኽም። ከፋብሪካ መመለስህን የማውቀው በዚያ ጩኸት ስለነበር ባይቀየር ይሻለኝ ነበር። እኔ ያው ፋርማሲው ውስጥ ነኝ። ሰፈራችን ዓባይ ማዶም እንደተውኸው ነው፣ ባጃጁ ብቻ በዝቷል። ኮምፒውተርህ ግን እንደተውኸው አይደለም፤ የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

ያን ዕቃ አልወደውም ነበር። ፓይለት ልትሆን ፈልገህ ዓይንህ እንዳስቀረህ የነገርኸኝ ገና ሳንጋባ ነው፤ ያኔ ከልቤ አዝኜልሃለሁ። በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበረውን ፕሮግራም ስትጀምርም ይጽናናበት ብዬ ዝም አልሁ። ዕቃ መምረጡ ብቻውን ሁለት ዓመት ይፈጃል ብዬ መቼ ጠረጠርሁ? የጫማዬን ቁጥር በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያልያዝኸው ሰው የግራፊክስ ካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር በቃልህ ትወጣው ነበር። ካርዱ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ መግባት አለመግባቱን ልትለካ የልብስ ስፌት ሜትሬን ወሰድህ፣ አልመለስኸውም። አንድ ቀን እንኳ ወገቤን ለክተህበት አታውቅም።

ከዕቃውም የባሰችብኝ ሰናይት ነበረች። አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር የምትጠግነው ሴት መሆኗን እኔም አውቃለሁ፣ እጇም ጥሩ ነው ይባላል። ግን እራት ላይ ስልክህ ይጠራል፣ ሰናይት ናት። ራም ትላለህ፣ ፓወር ሰፕላይ ትላለህ፣ ትስቃለህ። ራም ውስጥ ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በፋርማሲ ቆሜ ስንቱን መድኃኒት ከነመጠኑ የማውቅ ሴት፣ በገዛ ማዕዴ ላይ የማልሰማው ቋንቋ ሲወራ እንጀራዬን እቆርሳለሁ።

ለቅሶህ ላይም መጣች። ጥግ ይዛ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ ዓይኔን ከሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያጽናናሉ፣ እኔ የሷን እንባ እጠብቃለሁ። ይህች ሴት ስለ ባሌ እኔ የማላውቀውን ምን ታውቃለች አልሁ። ቀናሁ ከማልዬ። አስከሬንህ ከወጣ ገና ሰዓታት ሳይሞሉ ቀናሁ። ለማንም አልተናገርሁትም፣ ካንተ ግን ልደብቀው አልችልም።

አንድ ቀን ትዝ ይልሃል? ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ነው። ልብስ ተሸክሜ ሳልፍ በፕሮግራሙ ከባሕር ዳር ተነስተህ ሐይቁ ላይ ነበርህ። ቆም ብዬ አየሁና ይሄ ጣና አይደለም አልሁህ። ውሃው ልክ እንደ ሸራ ሰማያዊ፣ ዝርግ፣ ሞገድ የለው፣ ምን የለው። ሐይቁ ማዶ ደልጊ ላይ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ሆኜ አድጌ ጣናን አላጣውም። ጠዋት አመድማ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይጠቁራል፣ ክረምት ወንዝ በሚገባበት በኩል ሻይ በወተት ይመስላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ ልብሴን ላሰጣ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ካርዱ መጣ። የመጣ ዕለት ከውስጥ ሆነህ ዘሃራ ነይ፣ ቶሎ ነይ ብለህ ተጣራህ። እጄን እየጠረግሁ ስመጣ ከጎንህ ባለው ወንበር ላይ ሰናይት ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ላይ መፍቻ ይዛለች። ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስሁ። ሁለተኛ ጠራኸኝ፤ አልመጣሁም። ሦስተኛ አልጠራኸኝም። ከዚያ ወር እንኳ ሳይሞላ ልብህ በሥራ ቦታ ቆመች።

እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ወደ ሰናይት ሱቅ ሄድሁ። ሽጭልኝ አልኋት። አሁን አይሆንም አለች። መጀመሪያ ላስተካክለው፣ ምስሉ እንዲህ እየተቆራረጠ፣ እየተንተባተበ ለማንም አልሸጠውም አለች። ምን ሆኖ ነው የሚንተባተበው ስላት የሁለታችሁን ጠብ ነገረችኝ። ለካ ወራት ሙሉ ስትጨቃጨቁ ከርማችኋል። እሷ ፕሮሰሰሩ ያረጀ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይቀየር ትላለች። አንተ ካርዱ ይቅደም ትላለህ። እንደነገረችኝ ካርዱ ምስሉን ይስላል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ነፋሱንና የአውሮፕላኑን አካሄድ አስልቶ ካላቀበለው ውድ ካርድም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህን እያወቅህ ለምን እንቢ እንዳልህ ጠየቅኋት። ስልኳን አውጥታ የጻፍህላትን አሳየችኝ። ፕሮሰሰሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃው፣ ዘሃራ ጣና አይደለም ብላኛለች ይላል።

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብሁት። መልእክቱ እንኳ የተጻፈው ለሷ ነው፤ ይህም አናደደኝ። ለምን ለኔ አልነገርኸኝም? ካርዱ ላንቺ ነው ብትለኝ ኖሮ ሰናይት አይደለች፣ ከተማው በሙሉ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ገፍቼው እቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩን አቅፌው ወደ ቤት ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ሃያትን ጠይቅ፣ እናቴን ምን ነካት ስትል ከረመች። ማታ ማታ ስለ ፕሮሰሰር አነባለሁ፣ ጠዋት የመድኃኒት ደንበኛ ሳስተናግድ አስበዋለሁ። ሰናይት ብዙ ኮር፣ ማለትም ብዙ አስሊ ክፍል ያለውን ልትመርጥልኝ ነበር። አይሆንም አልኋት፤ ለዚህ ፕሮግራም ከኮሩ ብዛት የእያንዳንዱ ፍጥነትና ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ማህደረ ትውስታ ይበልጣል። አየችኝና ልክ ነሽ፣ ይሄን እኔም ከማልም አላሰብነውም አለች። ከሁለታችሁ የበለጥሁበት ቀን ያ ነው። ደስ አለኝ፣ ይቅር በለኝ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት አሮጌው ማዘርቦርድ አዲሱን ስለማይቀበል እሱም ራሙም አብረው ተቀየሩ። ሜትሬንም ሳጥኑ ውስጥ ከሽቦዎቹ ጋር ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ሰናይት መጥታ ስትገጥመው በርጩማ ሰጠኋት። ወንበሩን አልሰጠኋትም። ገብቷት ይሁን ሳይገባት አላውቅም፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ጨርሳ ሄደች። ደግ ሴት ናት። አሁንም ግን እቀናለሁ፤ ያንን ውሃ መጀመሪያ ካንተ ጋር ያየችው እሷ ናት፣ ይህን ማንም አይመልስልኝም።

ባለፈው እሁድ ከቀትር በኋላ ሃያት አውሮፕላኑን ከባሕር ዳር አስነስታ፣ አፍንጫውን ወደ ደልጊ አዙራ፣ ለአውቶፓይለቱ ሰጥታው ልብሷን ልታሰጣ ወጣች። ያንተን ወንበር አልነካሁትም። ነይ ብለህ የጠራኸኝ ሁለተኛው ላይ ነው፣ እሱ ላይ ተቀመጥሁ። መሪው ፊት ማንም የለም፣ አውሮፕላኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አልተንተባተበም። ዘጌ በግራ ቀረ፣ የደቅ ደሴት በታች አለፈ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ሆነ።

አልረሳህም። እሁድ እሁድ ሐይቁን እሻገራለሁ፣ በሕይወት እስካለሁ ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም። አንድ ዕዳ ግን ካርዱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አለብኝ፤ ጠርተኸኝ ሳልመጣ የቀረሁበትን መልስ አልሰጠሁህም።

ነፋሱ ተነስቶ ነበር፣ ውሃው መጥቆር ጀምሯል። ጣና ነው ከማልዬ። ራሱ ጣና ነው።

ዘሃራህ