የካሳሁን ድምፅ በአባባ መኪና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ የካሳሁንን ዘፈን ለአባባ አሰማኋቸው። ወንድሜ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ክራሩን እየመታ አምስት ዘፈን የቀዳባት ትንሽ ማጫወቻ እኔ ጋ ነበረች። እሱ በሕይወት ሳለ አባባ አንድ ቀን እንኳ አልሰሙትም። «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብለው ከነክራሩ አስወጥተውት ነበር።

ጠዋት ግን ራሳቸው ጠየቁኝ። «ያ የልጄ ነገር እዚህ መኪና ላይ አይሰማም?»

የአሮጌው ፒክአፓቸው ቴፕ የሚያጫውተው ካሴት ብቻ ነው። ዘመሮ ገበያ ስንደርስ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ገመድ ያለው ካሴት ሰጠኝ። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተትኩና ገመዱን ማጫወቻዋ ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ የተሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ነቅዬ መልሼ ስሰካው የካሳሁን ድምፅ መኪናውን ሞላው።

አባባ ሞተሩን አጠፉ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አምስቱንም ዘፈን ሰሙ። በመስኮቱ ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች እንኳ አላዩም። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ያህል ይችል ኖሯል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?»

ነግረናቸዋል። እኔ ነግሬያቸዋለሁ። እማዬ እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸዋለች። እሱ ራሱ ደጃፍ ቆሞ «አንዴ ብቻ ይስሙኝ» ብሏቸዋል። ግን ማጫወቻዋን አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጓት አየሁና፣ «አልነገርንዎትም፣ አባባ። ጥፋቱ የእኛ ነው» አልኳቸው።

ካሳሁን ይቅር ይበለኝ።