አባዬ የተረጎማቸው ፊልሞች

ሰኞ፣ ጁን 6፣ ጠዋት

የሥራ ሺፍቴ ነገ ነው። ልብስ አጠብኩ። ዮናስ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ምን እንደሚያይ አልጠይቅም፤ ከጠየቅኩት ተነስቶ ይሄዳል። ከኦይል ካምፓኒው ሌይኦፍ ተደርጎ ሥራ ካጣ ወዲህ ባሌ ከ“እሺ” እና ከ“አይ” ሌላ ቃል የለውም። ዶቨር ሰፈር፣ እማዬ ቤት ምድር ቤት ከገባን ደግሞ ብሶበታል። እማዬን ዓይን ሐኪም ጋ ላድርሳት። መጣሁ፣ ማስታወሻዬ።

ማታ

ስሚኝ። ከሐኪም ስንመለስ፣ 17 አቬኑ ላይ ወደ ቤት ልታጠፍ ስል፣ እማዬ ቀጥ በይ አለች። ፎረስት ሎን ሰፈርን አለፍን። መጋዘን ብቻ። አቁሚ አለችኝ። አጥር፣ ጠጠር፣ የቆሙ ትራኮች። ወርዳ አጥሩን ያዘች። ስክሪኑ እዚያ ነበር አለች። ድራይቭ-ኢኑ! መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊልም የሚታይበት ሜዳ።

ትዝ አለኝ። እኔና ወንድሜ በፒጃማ፣ ከኋላ ወንበር። መስኮቱ ላይ የሚንጠለጠለው ስፒከር። የሰመር ፀሐይ አልጠልቅም ስትል ሁሉም በየመኪናው ጨለማ ሲጠብቅ። ከሁሉም በላይ የአባዬ ድምፅ፤ ፊልሙን ለእማዬ በአማርኛ እየተረጎመላት። ሲኒማ ቤት ቢሆን ዝም በሉ ይሉን ነበር፣ በራሳችን መኪና ግን ማን ይከለክለናል አለችና እማዬ ሳቀች። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም።

ረቡዕ

ጋሽ ሀብቶም ሊጠይቁን መጡ። የአባዬ ጓደኛ፣ አስመራ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። እማዬ ፀሎት ላይ ስለነበረች ስለ ድራይቭ-ኢኑ አነሳሁላቸው። ፊታቸው በራ። እሳቸውና ሌሎች ላጤዎች በአንድ ቫን ከጎናችን ፓርክ ያደርጉ ነበር። የራሳቸውን ስፒከር ዘግተው፣ መስኮት ከፍተው፣ አባዬን ያዳምጣሉ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አባትሽ እኮ ያኔ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር።”

“ታዲያ እንዴት ይተረጉም ነበር?”

“ከራሱ ይፈጥራላ! ሽፍታው ሲተኩስ፣ ‘ይሄ የገዛ ወንድሙ ነው፣ በርስት ተጣልተው ነው’ ይለናል። እኛ የምንሄደው ለፊልሙ መሰለሽ?”

ሳቅኩ። ግን ደግሞ፣ እማዬ እነዚያን ታሪኮች እስከ ዛሬ እንደ እውነት ይዛቸው ከሆነስ? ጋሽ ሀ. አደራ እንዳትነግሪያት አሉኝ።

ዮ. ዛሬም እራቱን ግማሹን ተወው።

ቅዳሜ

አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ጓሮ ቲማቲም እየተከለች ነበር። ቀና እንኳ አላለች። ሀብቶም ነው የነገረሽ? አለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ነበር! ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ ትማር ስለነበር ከአባዬ ቀድሞ ገብቷታል።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

እጇን ከአፈር አራገፈች። “ያኔም እንደ አሁኑ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነበር። አባትሽ ከብየዳ ሥራው ወጥቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ አፉን አይከፍትም። እዚያች መኪና ውስጥ ብቻ ያወራል። ፊቱን ካየሁት አይሆንለትም፤ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ስናይ ይቀለዋል። ተሳሳትክ ብዬ ላርመው? ድምፁ ናፍቆኝ?”

ቀጥላ፣ ዮናስስ እንዴት ነው? አለችኝ። ለካ ታያለች። አለቀስኩ። አቀፈችኝ፤ ሸሚዜ አፈር ሆነ።

እሑድ፣ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን እማዬን ጋሽ ሀ. ያመጧታል ተባለ። ዮ.ን ኦኮቶክስ ከተማ ድረስ በመኪና እንንሸራሸር አልኩት። ለምን? እንዲሁ። አንተ ንዳ። 2A የሚባለውን አውራ ጎዳና ያዝን። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። ምንም አልጠየቅኩም። እንዴት ይከብዳል!

ከተማው ካለቀ በኋላ፣ በቀስታ፣ አውቶቡስ ለመንዳት አመልክቼ ነበር አለ። ተቀብለውኛል። የእኔን መልስ እየጠበቁ ነው።

“ኢንጂነር አግብተሽ ሹፌር ሆንኩብሽ። እማማንስ በምን ዓይን አያቸዋለሁ?”

ዞሬ አላየሁትም፤ መንገዱን እያየሁ። አወራ። ከሥራ ስለተቀነሰበት ቀን። ሊፍት ውስጥ ስላለቀሰው አለቃው። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ስለሚፈራው ነገር። ኦኮቶክስ ደርሰን አልወረድንም፤ ዞረን ተመለስን፤ አሁንም ያወራል። ቤት ደርሰን ሞተሩን ሲያጠፋ፣ “ምን ትያለሽ?” አለኝ። ያኔ ዞሬ አየሁት። ጀምር አልኩት። መንዳት ትወድ የለ? እጄን ያዘ።

ወስነናል። ነገ ደውሎ እሺ ይላቸዋል። ለእማዬ ራሱ ነው የሚነግራት፣ እኔ አፌን አልከፍትም።

የጋሽ ሀ. መኪና መጣች። ዮ. በር ሊከፍትላት ወጣ። ከመስኮቱ አያቸዋለሁ። የሆነ ነገር እያላት ነው። እማዬ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ሁለት ጉንጮቹን በእጆቿ ያዘችና ግንባሩን ሳመችው።