የእናቴ ስኳር ቦነስዎን ስለነካብዎ ይቅርታ

ይድረስ በጋርላንድ ለሰፈራችን ክሊኒክ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ስኳርዎም ሆነ ደም ግፊትዎ እንደ ክሊኒክዎ ውጤት ያማረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የወይዘሮ እታለማሁ ልጅ ነኝ፤ እናቴ እስካለፈው ወር ታካሚዎ ነበረች። ሌላ ክሊኒክ እንድትፈልግ የሚለው ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤዎ ደርሶናል። ምክንያቱን ስልክ ደውዬ ስጠይቅ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራው ያገሬ ልጅ «ሶ፣ ዶክተሮቹ የሚከፈላቸው በፔሸንት ሪዛልት ነው፤ የማዘር ስኳር ስኮራቸውን ዳውን እያደረገው ነው» ብላ አስረድታኛለች፤ ታካሚው ሲሻለው ቦነስ፣ ሲብስበት ቅናሽ ማለቷ ነው። ስለ ግልጽነቷ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሐኪሙ ጾሙን እንድትተው ሲነግራት እናቴ «እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች፤ ሁዳዴንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች። የተከበረ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሐኪሙ ትንሽ ጊዜ ሰጥቶ አኗኗሯን ቢጠይቃት ኖሮ መድኃኒቱን ከምትበላበት ሰዓት ጋር ማስማማት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለመጠየቅ ቦነስ ስለማይሰጥ አልወቅሰውም።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ጎረቤታችን ዩኑስም ግፊቱ አልወርድ ስላለ ተሰናብቷል። ጠዋት ጠዋት የሚሮጡት፣ ምግባቸውን መርጠው የሚበሉት ባለ ትልልቅ ቤቶች ግን እንደተከበሩ አሉ። በሽተኛ የማይገባበት ክሊኒክ ስላቋቋሙ እንኳን ደስ ያለዎት!

ሦስተኛ፣ የእናቴ እግር ቆስሏል፤ ኢንሱሊኗም ሊያልቅ ነው። እሺ ብሎ የተቀበለን ሐኪም ያለው ሩቅ ከተማ፣ አርሊንግተን ነው፤ ወደዚያ የሚወስድ ባቡር የለም፣ ቀጠሮውም ገና ነው። እግሯን ታጣለች ብዬ እፈራለሁ። ክቡርነትዎ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀ፤ ደብዳቤዎን ባየሁ ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

ውጤትዎ ይመርልዎ፣ ታካሚዎችዎም ሳይታመሙ ይኑሩልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ስርጉት ሞገስ

ማስታወሻ፦ ካሰናበታችኋት በኋላ «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» የሚል መጠይቅ በስልኳ ልካችሁ ነበር። ዝቅተኛውን ልሞላ ስል እናቴ እጄን ይዛ «ተይ፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ» ብላ አምስቱንም ኮከብ አስሞላችኝ። ስለዚህ ኮከቡም ተቆጥሮ የዘንድሮው ቦነስዎ ሲገባልዎ፣ እግሯን ያላያችሁላት ሴትዮም አዋጥታበታለች።